የሞተ ካርታ ሲመለስ ዋጋው ስንት ነው?

በአሰላ ክረምቱ ይበረታል። ከጭላሎ የሚወርደው ጉም ከተማውን ሲሸፍን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ቤት የዋለ ወጣት ካርታ ያወጣል። ጨዋታው «ክሬዚ» ከሆነ አንዱ ይበውዛል፣ ያድላል፤ ሌሎቹ ተራ በተራ ይጥላሉ። የሚሳበው ክምር ሲያልቅ ጨዋታው አያበቃም። የተጣለው ይሰበሰብና እንደገና ተበውዞ ተገልብጦ ይቀመጣል። ከጥቂት ደቂቃ በፊት የሄደው ካርታ ተመልሶ አንዱ እጅ ይገባል።

በዚህ ትንሽ ልማድ ውስጥ ለማንኛውም ጨዋታ ፈጣሪ የሚሆን ትልቅ ጥያቄ አለ። ከጨዋታ የወጣ ነገር ይመለስ ወይ? ከተመለሰስ በምን ዋጋ?

የአገራችን ጨዋታዎች ለዚህ የተለያየ መልስ አላቸው። በሰንጠረዥ የሞተ ሞተ ነው። በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ጨዋታው የሚከፈተው በ«ወረራ» ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። ያ የተበላው ጠጠር ግን አይመለስም። በገበጣ ነገሩ ሌላ ነው። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ባወጡት ጥናት እንደታየው አጨዋወቱ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። በብዙዎቹ ዘንድ ግን የተበላ ፍሬ ሀብት ነው፤ በሚቀጥለው ዙር ቤት መሙያ ይሆናል።

ይህን ጥያቄ ከሠላሳ ዓመት በላይ በተግባር ሲፈትን የቆየ ጨዋታ አለ፤ «ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» ይባላል። የፈጠረው አሜሪካዊው የሒሳብ ምሁር ሪቻርድ ጋርፊልድ ሲሆን፣ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ አቀረበው። ከተራ ካርታ የሚለየው ተጫዋቹ ካርታ እየገዛና እየተለዋወጠ የራሱን ጥቅል አዘጋጅቶ መምጣቱ ነው። በተለመደው ሥርዓት ጥቅሉ ቢያንስ 60 ካርታ ይይዛል። እያንዳንዱ ተጫዋች 20 የሕይወት ነጥብና 7 ካርታ ይዞ ይጀምራል። የመሬት ካርታዎች «ማና» የሚባል ኃይል ይሰጣሉ፤ ፍጡርም ሆነ አስማት የሚወርደው ዋጋው በማና ተከፍሎ ነው።

የሞተ ፍጡር፣ ሥራውን የጨረሰ አስማት፣ ከእጅ የተጣለ ካርታ ሁሉ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ በባለቤቱ ፊት ይከመራል። የዚያ ክምር ስም «ግሬቭያርድ» ነው፤ መቃብር ማለት ነው። መቃብሩን እንደ ሁለተኛ እጅ የሚጠቀሙ ካርታዎች ደግሞ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «አኒሜት ዴድ» በ2 ማና ከመቃብር አንድ ፍጡር ያስነሳል። 8 ማና የሚያስከፍል ግዙፍ ፍጡርን በጊዜ ከእጁ ጥሎ በ2 ማና የሚያስነሳው ተጫዋች 6 ማና አተረፈ።

እንዲህ ያለ ስልት ደግ ነው ወይስ ጨዋታ አበላሽ? አዲስ ካርታ ሲወጣ ብዙ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በሚመለሰው ነገር ትልቅነት ላይ ነው። መታየት ያለበት ግን ከፋዩ በእርግጥ ምን እንዳጣ ነው።

የአርሲ ገበሬ ይህን ያውቀዋል። ስንዴው ተወቅቶ ሲያልቅ ገለባው አይጣልም። ይከመራል፤ ከብት ይበላዋል፤ እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል፣ ወይም ፍግ ሆኖ ማሳ ላይ ይበተናል። ምድጃ የገባው ግን ማሳ ላይ አይገኝም። ከሁለቱ አንዱን የመረጠ ሌላውን ትቷል፤ ዋጋ የሚባለውም ይኸው ነው።

በዚህ ሚዛን ጥሩ የሚባለው ስልት እ.ኤ.አ. በ2001 «ኦዲሲ» በተባለው ስብስብ የመጣው «ፍላሽባክ» ነው። አንድ አስማት ሥራውን ጨርሶ መቃብር ከገባ በኋላ የተጻፈበት ሌላ ዋጋ ተከፍሎ አንድ ጊዜ ይደገማል፤ ከዚያ ለዘለቄታው ከጨዋታ ይወጣል። ዋጋው ግልጽ ነው፤ ድግግሞሹም ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው «ሪአኒሜት» የሚያስከፍለው 1 ማና ብቻ ነው። ሆኖም ያስነሳው ተጫዋች በፍጡሩ ዋጋ ልክ ሕይወት ያጣል፤ ባለ 8 ማናውን ያስነሳ ከ20 ነጥቡ 8 ይቀነስበታል። ኃይለኛ ካርታ ነው፤ ያም ቢሆን ከፋዩ እየደማ ይከፍላል።

ችግሩ የሚጀምረው ዋጋ ተብሎ የተጻፈው ነገር ትርፍ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የመጣው «ድሬጅ» ጥሩ ማሳያ ነው። ተጫዋቹ አዲስ ካርታ በመሳብ ፋንታ ከጥቅሉ አናት የተወሰኑ ካርታዎችን ወደ መቃብር ይጥልና የድሬጅ ካርታውን ወደ እጁ ይመልሳል። «ጎልጋሪ ግሬቭ ትሮል» የተባለው የድሬጅ ካርታ በአንድ ጊዜ 6 ካርታ ያስጥላል። በወረቀት ላይ ሲታይ ቅጣት ይመስላል፤ የራስን ጥቅል እየጨረሱ መሄድ ማን ይወዳል? ነገር ግን ጥቅሉ በሙሉ ከመቃብር የሚሠሩ ካርታዎች ከሆነ 6 ካርታ መጣል 6 ካርታ የመሳብ ያህል ነው። ትሮሉ «ሞደርን» በተባለው የውድድር ዓይነት ታግዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ተፈቀደ፤ በ2017 እንደገና ታገደ።

«ዴልቭ» የተባለው ስልት ደግሞ መቃብሩን ራሱን ገንዘብ ያደርገዋል፤ ከመቃብር ለዘለቄታው የሚወጣ እያንዳንዱ ካርታ 1 ማና ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ትሬዠር ክሩዝ» ዋጋው 8 ማና ሲሆን 3 ካርታ ያስስባል። መቃብሩ ውስጥ 7 ካርታ ካለ በ1 ማና ይወርዳል ማለት ነው። በ1 ማና 3 ካርታ የሚያስስበው የ1993ቱ «አንሰስትራል ሪኮል» በጨዋታው ታሪክ ከኃያላኑ ካርታዎች አንዱ ነው። መቃብር ሰው ቢፈልግም ባይፈልግም እየተጫወተ ስለሚሞላ፣ የክሩዝ ከፋይ ከኪሱ ያወጣው ነገር የለም። ካርታው ከወጣ ከአራት ወር ገደማ በኋላ፣ በጃንዋሪ 2015፣ በሞደርንና «ሌጋሲ» በተባለው ሌላ የውድድር ዓይነት ታገደ።

ትልቁ ትምህርት «ሆጋክ» የተባለው ፍጡር ነው። በጁን 2019 ወጣ። የማጥቃትም የመቋቋምም አቅሙ 8 ነው፤ ለማውረድ በማና መክፈል ፈጽሞ አይቻልም። ይህ ሲነበብ ጥብቅ ክልከላ ይመስላል። ነገር ግን የሚከፈለው በሜዳ ባሉ ፍጡራንና በመቃብር ባሉ ካርታዎች ነበር፤ ያውም ከመቃብር ራሱ መውረድ ይችላል። ቢገድሉት ተመልሶ ይመጣል። በጁላይ ኩባንያው አጋዡን ካርታ «ብሪጅ ፍሮም ቢሎው»ን ከሞደርን በማገድ ሊገታው ሞከረ፤ አልተገታም። በኦገስት 26 ራሱ ሆጋክ ታገደ።

ተቃዋሚ መከላከያ የለውም ወይ? አለው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው «ቶርሞድስ ክሪፕት» ያለ ምንም ማና ወርዶ አንድን መቃብር ሙሉ በሙሉ ያጸዳል። እንዲህ ያሉ ካርታዎች በሁለት ጨዋታዎች መካከል ከሚቀያየሩት 15 ተጠባባቂዎች ውስጥ ይቀመጣሉ። መከላከያ መኖሩ ግን ብቻውን ስልቱን ፍትሐዊ አያደርገውም። ተጠባባቂውን በጊዜ የሳበ ያሸንፋል፣ ያልሳበ ይሸነፋል ከተባለ ብልሃት ቀርቶ ዕድል ብቻ ይቀራል። ጤናማ የመቃብር ስልት ልዩ መድኃኒት ሳይኖርም ሊቋቋሙት የሚቻል ነው።

ስለዚህ ከመቃብር የሚሠራ ካርታ ሲገጥማችሁ አራት ነገር ጠይቁ። መቃብሩ በራሱ ይሞላል ወይስ ለመሙላት መልፋት ያስፈልጋል? ለመመለስ የሚከፈለው ነገር ከፋዩ በእርግጥ የሚፈልገው ነገር ነው? ስንት ጊዜ ይመለሳል? ተቃዋሚው በተለመደው ጥቅሉ ሊቋቋመው ይችላል? ፍላሽባክ አራቱንም በደህና ያልፋል፤ ሆጋክ በአራቱም ይወድቃል።

የራሳችሁን የካርታ ጨዋታ ለመሥራት የምታስቡ የአሰላ፣ የበቆጂ፣ የሁሩታ ወጣቶች ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት ገበጣ የሚያውቁ አባቶችና እናቶች ዘንድ ሂዱ። በመንደራችሁ የተበላ ፍሬ እንዴት ወደ ቤት እንደሚመለስ ጠይቃችሁ ጻፉ። በገበጣ የፍሬው ቁጥር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይጨምርም፤ አንዱ ቤት የገባው ከሌላው ቤት የወጣ ነው። ያልተከፈለበት መመለስ እዚያ የለም። የተጣለ ካርታ መመለሱ ጨዋታን ያጣፍጣል፤ ሲመለስ ከፋዩ ምንም ካላጣ ግን ያ ካርታ መታገድ ይገባዋል።