«ውጤት አልመጣለትም፤ ሙያ ገባ»

ቡና ላይ ነው። «የእገሌ ልጅስ?» ይባላል። «ኧረ ተዪው፣ ውጤት አልመጣለትም፤ ሙያ ገባ።» ድምፅ ዝቅ ይላል፣ አንዷ ከንፈሯን ትመጥጣለች፣ ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ ዶሮ ወጡ ሲቀርብ ያቺው ከንፈሯን የመጠጠችው «እንዴት ያለሽ ባለሙያ ነሽ!» ብላ የቤቱን እመቤት ታሞግሳለች። አንድ ቃል ለእመቤቲቱ ሙገሳ፣ ለልጁ የለቅሶ ወሬ ሆነ።

ስለ ሙያና ስለ ጥበብ ትምህርት የምናወራው አብዛኛው ነገር እንዲህ ነው፤ ሲደጋገም እውነት የመሰለ።

ተረት፦ ሙያ የሚማረው የወደቀ ተማሪ ነው

ይህ ተረት ዕድሜው አጭር ነው። ተግባረ እድ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም. ሲከፈትም ሆነ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ሲቋቋም፣ ማንም «የወደቁ ልጆች ማቆያ» ብሎ አልሠራቸውም፤ አገር ቴክኒሻን አጥታ ነበር። በንጉሡም ሆነ በደርግ ጊዜ በየከተማው የነበሩት አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከፊዚክሱ ጎን እንጨት ሥራ፣ ብረታ ብረት፣ ኮሜርስ፣ ግብርናና ሆም ኢኮኖሚክስ ያስተምሩ ነበር።

ነገሩ የተገለበጠው ወደ ሙያ በሚያስገባው በር አቀማመጥ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃን 10ኛ ክፍል ላይ ቋጨው። ከፍ ያለ ነጥብ ያመጣ ወደ መሰናዶ፣ ቀሪው ወደ ሙያ። ፈልጎ የሚገባም ነበረ፤ ግን በፈተና በተደለደሉት መሃል ሲቆም ማን ይለየዋል? የ10ኛ ክፍል ፈተና ከቀረ ዓመታት ቢያልፉም ስድቡ ግን አልቀረም። ደግሞስ «የወደቀ» ማለት ምን ማለት ነው? በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ800 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ናቸው። በዚህ ሚዛን ከሄድን ሰፈሩ ሁሉ ወድቋል።

ከፈተናው በታች የተቀበረ የቆየ ነገርም እንዳለ አልክድም። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በስድብ የምንጠራ ሕዝብ ነበርን። አጼ ምኒልክ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ተረት፦ ሒሳብ የማይሆንለት ሙያ ይማር

ይህን የሚል ሰው የኤሌክትሪክ ምጣድ መስመር ሲዘረጋ አላየም። ምጣዱ 3,500 ዋት ይፈጃል እንበል። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው። ለአምፖል ተብሎ በተዘረጋ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ይህን ሁሉ ማሳለፍ ግድግዳ ውስጥ ሌላ ምጣድ መጣድ ነው፤ ምክንያቱም ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ጎበዝ ሠልጣኝ ይህን በወረቀት ሠርቶ ነው ፒንሳውን የሚያነሳው። ወፍራም ሽቦ ለብቻው ይስባል፣ ፊውዙንም በልኩ ይመርጣል።

አናጢውም ያው ነው። እስኳድራ ባይኖረው ከማዕዘኑ በአንድ በኩል 60 ሳንቲም፣ በሌላው 80 ይለካል፤ ሁለቱን ምልክቶች የሚያገናኘው መስመር ልክ 100 ካልመጣ ማዕዘኑ ጠማማ ነው። የፓይታጎረስን ስም ላያነሳ ይችላል። እኔ ግን ቲዎረሙን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት ዓመት ገልብጬ ምን እንደሚሠራ የገባኝ የቤታችን በር ሲገጠም ነው።

ተረት፦ ሥዕልና ሙዚቃ ተሰጥኦ ላለው ነው፤ ለሌላው እረፍት

የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ዌልስ የተላከው ምህንድስና እንዲማር ነበር። ከሙዚቃ ጋር የተገናኘው እዚያው በገባበት ትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሙዚቃን እንደ ትርፍ ነገር ቢቆጥረው ኖሮ ኢትዮ ጃዝን ከማን እንሰማ ነበር? ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌም እንግሊዝ የሄደው ለማዕድን ምህንድስና ነው። ተሰጥኦ በር የሚከፍትለት ክፍለ ጊዜ ይፈልጋል።

ሙላቱን የማይሆነው ልጅስ? አንድ ማሲንቆ ክፍል ውስጥ ይግባ። ገመዱ አንድ ነው። መሃሉ ላይ ጣት ቢያርፍ ያው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይመለሳል፤ ርዝመቱ ሲገመስ ንዝረቱ እጥፍ ሆኗላ። ልጁ ክፍልፋይን በጆሮው ሰማ ማለት ነው። ከዚያ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን በአምስት አምስት ድምፅ መለየት ይለማመዳል። ይህ ጊዜ ማሳለፊያ ከሆነ ጊዜያችንን ሁሉ እንዲህ ባሳለፍን።

ተረት፦ ሠርቶ መብላት ያቃተው ያስተምራል

ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከኮሎኝ ተመልሶ ያስተማረው ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። እስክንድር ቦጎሲያንም እዚያው አስተምሯል፤ በኋላም አሜሪካ ሄዶ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለረጅም ዓመታት መምህር ነበር። ሥዕል አቃታቸው የሚል ካለ ይምጣ።

የወርክሾፕ አሰልጣኝ ሥራ ደግሞ ከውጭ አይታይም። ብረት የሚቀርጸው ቶርኖ ሲነሳ የአሰልጣኙ ዓይን ብረቱ ላይ አይደለም፤ ያልተጠቀለለ እጅጌ፣ ያልወለቀ ቀለበት፣ ማጥበቂያው ላይ የተረሳ ቁልፍ ይፈልጋል። ያ ቁልፍ ማሽኑ ሲነሳ እንደ ጥይት ይወረወራል። የሊማ (የሞረድ) አያያዝን በቃል ማስረዳት አይቻልም፤ የልጁን ክንድ ይዞ ገፍቶ ማሳየት ነው። ለሠላሳ ልጅ፣ ሠላሳ ጊዜ።

ሙያ የተማረ ሥራ አያጣም?

ይህ ደግሞ የተቃራኒው ወገን ተረት ነው፤ በየምረቃው ይነገራል። ያጣል። የብቃት ምዘናውን፣ ማለትም ሲኦሲውን፣ ያላለፈ ያጣል። ያለፈም ብየዳ ማሽን መግዣ ከሌለው ቀጣሪ ፍለጋ ይዞራል። አንድ ጊዜ የጎበኘሁት ማሠልጠኛ ውስጥ ልጆቹ የሞተር ክፍሎችን ከግድግዳ ሥዕል ላይ ሲሸመድዱ አይቻለሁ፤ እውነተኛው ሞተር ጥግ ላይ በሸራ ተሸፍኖ ነበር፣ መለዋወጫ ጠፍቶለት። ከዚያ የወጣ ልጅ ጋራዥ ገብቶ ቢደናገር ጥፋቱ የማን ነው?

ሙያ የገባ የትምህርት በሩ ይዘጋበታል የሚለውን ግን እርሱት። ከደረጃ 1 እስከ 5 መውጣት፣ ከዚያም ዲግሪ መቀጠል ይቻላል፤ የዘርፉን አሰልጣኞች የሚያፈራ ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩትም አለ።

ልጅዎ ሙያ ሊገባ ከሆነ ወይም የሥዕል ክፍል ከመረጠ፣ ቢሮ ገብተው ስለ ክፍያ ከመጠየቅዎ በፊት ወርክሾፑን ያስከፍቱ። የሚሠራው ማሽን የትኛው ነው? አንድ ማሽን ለስንት ልጅ ይደርሳል? ባለፈው ዓመት ምዘና ከወሰዱት ስንቱ አለፈ? የሥዕል መምህሩ ሥዕል የተማረ ነው ወይስ ክፍለ ጊዜ እንዲሞላለት የተመደበ? ቁልፉ ያለው ሰው ለስብሰባ ወጥቷል ካሉዎት፣ ይቀመጡና እስኪመጣ ይጠብቁ።