የአምቡሊ ቢራቢሮዎች ለምን አይረጉም?

ትናንት ጠዋት ጅቡቲ፣ አምቡሊ፣ ከወንዙ ዳር ካሉት የአትክልት ቦታዎች አንዱ ውስጥ ባለቤቱን አስፈቅጄ ሁለት ሰዓት ያህል ተንበርክኬ ቆየሁ። 214 ፎቶ አነሳሁ፤ ለሰው የሚታይ ስድስት ወጣኝ። ስድስቱም የአንድ ዓይነት ቢራቢሮ መሰሉኝ። ሌላው ሁሉ ወይ ቅጠል ብቻ ነው፣ ወይ የደበዘዘ ክንፍ።

አምቡሊን ብዙ አበሻ የሚያውቀው በአየር ማረፊያው ነው። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ዳሩ ላይ ግን በጉድጓድ ውኃ የሚለማ ቴምርና አትክልት አለ። ጥላና እርጥብ ጭቃ ባለበት ቢራቢሮ አይጠፋም።

በብዛት የቆመልኝ ዳናውስ ክሪሲፐስ የሚሉት ነው፦ ብርቱካናማ፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር፣ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ። ትሉ የሚያድገው ጦቢያውን በመሳሰሉ ወተት የሚያፈሱ ተክሎች ላይ ነው። የቅጠሉን መርዝ በሰውነቱ ያጠራቅምና ክንፍ ሲያወጣም ይዞት ይወጣል። አንዴ የቀመሰው ወፍ ተፍቶት ይሄዳል፣ ሁለተኛ አይነካውም። እሱም ይህን የሚያውቅ ይመስል ዝግ ብሎ ይበራል፣ አበባ ላይ ተዝናንቶ ይቀመጣል። ከ3,300 ዓመት በፊት የግብፅ ሠዓሊዎች ነባሙን በተባለ ሹም መቃብር ግድግዳ ላይ ሥለውታል፤ ሥዕሉ ዛሬ ለንደን፣ የብሪታንያ ሙዚየም ውስጥ ነው። ያኔም ቆሞ የተሣለላቸው እሱ ሳይሆን አይቀርም!

ነጫጮቹና ክንፋቸው ጫፍ ላይ ብርቱካን ጣል ያለባቸው ትንንሾቹ ግን ለወፍ ጥሩ ቁርስ ናቸው። ሲበሩ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ጎን የሚሉት ለዚህ ነው። እኛ ቅብጥብጥ እንላቸዋለን እንጂ ነፍሳቸውን እያዳኑ ነው።

ማታ ፎቶዎቹን ሳሰፋ ስድስተኛው አሳቀኝ። ክሪሲፐስ የኋላ ክንፉ መሃል ላይ ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጥብ አለው። የዚህኛው አንድ ብቻ፣ እሱም ዳር ላይ! ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ ናት፣ ያውም ሴቷ። መርዝ የላትም፤ የመርዘኛውን ልብስና አካሄድ ተውሳ ወፍን ታታልላለች። እኔንም አታለለችኝ። ባሏ ጥቁር ባለ ትልልቅ ነጭ ክብ ስለሆነ አብረው ቢታዩ ዘመድ አይመስሉም።

መሞከር ለምትፈልጉ፦ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ቀዝቀዝ ያለ ወቅት፣ ፀሐይ እንደወጣች ድረሱ። የክንፍ ጡንቻቸው እስኪሞቅ ክንፋቸውን ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ዝቅ ብላችሁ ቅረቡ፣ ጥላችሁ አይረፍባቸው፤ ከድምፅ ይልቅ እንቅስቃሴ ያስደነግጣቸዋል። ፀሐይ ስትበረታ ወደ ቦዩ ጭቃ ሂዱ፤ ወንዶቹ ጨው ፍለጋ ጭቃውን ሲመጥጡ ዓለምን ይረሳሉ። በካሜራ ከሆነ ፍጥነቱን ከሰከንድ አንድ ሺኛ አታውርዱት። ደግሞ ሌንሱን ወደ መሬት እንጂ ወደ አየር ማረፊያው አታዙሩ፣ ጣጣ አለው።

ግቢያችሁ ውስጥ ጦቢያው ካለ ከመንቀላችሁ በፊት ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ ሰንበር ያለው ትል ካገኛችሁ ጥቂት ሳምንት ታገሱት። ወተቱ ብቻ ዓይናችሁ ውስጥ እንዳይገባ።