የበቆሎ ጥብስ ሻጮችን ፎቶ ስታነሱ

ክረምቱ ሲጋመስ የአዲስ አበባ መንገድ ዳር በበቆሎ እሸት ጥብስ ሽታ ይታወዳል። ካሜራ ይዛችሁ ለምትወጡ ከሙያዬ ላካፍላችሁ፦

1. ሰላምታ ይቅደም። «እናቴ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። እምቢ ካሉ አመስግናችሁ እለፉ።

2. ጭስ ደምቆ የሚታየው ብርሃን ከኋላው ሲመጣ ነው። ፀሐይ ብቅ ስትል ምድጃውን በእናንተና በፀሐይዋ መካከል አድርጉት።

3. ሲመሽ ፍላሽ አታብሩ፤ የፍሙን ቅላት ያደበዝዘዋል። ይልቅ አይኤስኦውን ከፍ አድርጉ።

4. ማራገቢያዋ የምታስነሳውን ፍንጣሪ ነጥብ በነጥብ ለመያዝ የሹተር ፍጥነት 1/500 ሞክሩ፤ መስመር ሠርቶ እንዲታይ ከፈለጋችሁ 1/30።

5. ፊት ላይ ብቻ አታተኩሩ። በቆሎውን የሚያገላብጡት ጣቶች፣ የተላጠው ቅጠል፣ የከሰሉ ጆንያ ሙያውን ይናገራሉ።

ደንበኛ ሲመጣ ገለል በሉ፤ ቦታው የእንጀራቸው ነው። ፎቶውንም አሳትማችሁ ውሰዱላቸው።