ያልደማው ጉዳት፦ ጭንቅላቱን የተመታ ተማሪ ወደ ክፍል ሲመለስ

ወተት በቅል ሲናጥ ያየ ሰው ይህን ጉዳት ለመረዳት አይቸገርም። ቅሉ ከውጭ ምንም አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ግን ይናወጣል። የራስ ቅልም እንዲሁ ነው። አንጎላችን በቅሉ ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ ይቀመጣል። በጨፋ ሸለቆ ከጋሪ የወደቀ፣ ኳስ ሜዳ ላይ ከጓደኛው ጋር ራስ ለራስ የተጋጨ፣ ወይም ከሚሴን አቋርጦ በሚያልፈው የደሴ መንገድ ባጃጅ የገጨው ልጅ ቅሉ ሳይሰነጠቅ አንጎሉ ሊናወጥ ይችላል። አብዛኞቹ ተጎጂዎች ራሳቸውን አይስቱም። በሲቲ ስካንም ብዙውን ጊዜ ምንም አይታይም።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እጁ ለተሰበረ ተማሪ ጀሶውን ያየ ሁሉ ይራራል። አንጎሉ የተናወጠ ልጅ ግን የሚያሳየው ጀሶ የለውም።

እስቲ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። ከወደቀ አምስተኛ ቀኑ ነው። ከሰሌዳው ወደ ደብተሩ ቀና ዝቅ ባለ ቁጥር ፊደሉ ይደበዝዝበታል። በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ዓይኑን ይወጋዋል፤ ጫጫታው ራሱን ይፈልጠዋል። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ይጠፋበታል። በመጨረሻም ግንባሩን ዴስኩ ላይ ይደፋል። «ሰነፍ» ይባላል። ልጁ ግን ሰነፍ አይደለም፤ አንጎሉ ገና እያገገመ ነው።

አስቀድመን አደገኛውን እንለይ። ደጋግሞ ማስታወክ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ መንዘፍዘፍ፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ አልነቃ ማለት ከታየ ልጁ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይድረስ። «ጭንቅላቱን የተመታ አይተኛ» የሚባለው ከዚህ ስጋት የመጣ ነው። ባለሙያ መርምሮት ምልክቶቹ ከሌሉበት ግን እንቅልፍ ይጠቅመዋል።

በ2022 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ስለ አንጎል መናወጥ የመከሩ ሊቃውንት ልጁን ጨለማ ክፍል ዘግቶ ለሳምንታት ማስተኛትን አይደግፉም። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቀለል ያለ ዕረፍት ያደርጋል፤ ስልክና ቴሌቪዥን ይቀነሱለታል። ከዚያ ቤት ውስጥ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ያነባል፤ ቀጥሎ የቤት ሥራ ይሞክራል፤ ከዚያም ግማሽ ቀን፣ በመጨረሻ ሙሉ ቀን ይማራል። ምልክቱ ትንሽ ቢነሳበት አረፍ ብሎ ይቀጥላል፤ ከባሰበት አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሳል። አብዛኞቹ ልጆች በአራት ሳምንት ውስጥ ይድናሉ።

መምህራን፣ ከመስኮቱ አርቃችሁ አስቀምጡት። ራሱን ሲያመው ወጥቶ ዛፍ ጥላ ሥር ይረፍ። ኖቱን ጓደኛው ይገልብጥለት፤ ፈተናው ይራዘምለት። ወላጆች፣ በቦርከና ወንዝ ዳር ከብት በመጠበቁ ለጊዜው ሌላ ሰው ይተካው፤ የረመዳን ወር ከሆነም ሕመምተኛ ከጾም ነፃ መሆኑን አስታውሱት። ወደ ኳስ የሚመለሰው ትምህርቱን ሙሉ በሙሉ ከቻለና ባለሙያ ከፈቀደ በኋላ ነው። ሳይድን ዳግመኛ ቢመታ ጉዳቱ ይከብዳል።

ይህን ሕመም የሚያውቀው ልጁ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤት በሚናገርበት ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም ይሁን በአማርኛ፣ ጠጋ ብላችሁ ጠይቁት፦ «ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ የመጀመሪያውን ታስታውሰዋለህ?»