በሳምንት 44 ሰዓት፦ የኦንታርዮ ኮሌጅ መምህራን የሚደራደሩበት ቅጽ

በካናዳ ኦንታርዮ ክፍለ ግዛት በመንግሥት ኮሌጅ የሚያስተምር ቋሚ መምህር፣ የማስተማሪያው ወቅት ሊጀምር ቢያንስ 6 ሳምንት ሲቀረው ከኃላፊው አንድ ቅጽ ይደርሰዋል። ቅጹ የሚያስተምራቸውን ኮርሶች፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ክፍል እንደሚገባ፣ በየክፍሉ ስንት ተማሪ እንዳለ፣ ለዝግጅትና ለእርማት ስንት ሰዓት እንደተያዘለት ይዘረዝራል። መጨረሻው ላይ ድምሩ አለ። ድምሩ ከ44 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ከበለጠ መምህሩ በፈቃዱ መስማማት አለበት፤ ትርፉም እስከ 3 ሰዓት ብቻ ነው፣ ለብቻውም ይከፈልበታል። የቅጹ ስም መደበኛ የሥራ ጫና ቅጽ ሲሆን መምህራኑ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ «ስዊፍ» ይሉታል።

የኮሌጅ መምህራን ከአሠሪያቸው ጋር በተደራደሩ ቁጥር ዜናው የደመወዝ ጭማሪን በመቶኛ ይነግረንና ያልፋል። የክርክሩ እምብርት ግን እዚህ ቅጽ ላይ ነው። መምህር ክፍል ገብቶ የሚቆምበት ሰዓት ለሁሉም ይታያል። የማይታየው ማታ የሚያዘጋጀው፣ ቅዳሜና እሑድ የሚያርመው፣ ተማሪ ሲቸገር ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ነው። ይህን የማይታይ ሰዓት ማን ይቆጥረዋል? በምን መለኪያ? የኦንታርዮ መምህራን ለዚህ ጥያቄ በቁጥር የተጻፈ መልስ አስገኝተዋል። መልሱ ፍጹም ባይሆንም እንዲህ ተዘርዝሮ የተጻፈ ነገር በዓለም ላይ ብዙ አይገኝምና ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል።

ኮሌጆቹ የተመሠረቱት በ1965 በወጣ ሕግ ነው (ቀናቱና ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሐሳቡን ይዞ የመጣው የዚያን ጊዜው የትምህርት ሚኒስትር ቢል ዴቪስ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሴንቴኒያል ኮሌጅ በቶሮንቶ ምሥራቃዊ ዳርቻ በስካርቦሮ በሩን ከፈተ፤ ዛሬ ኮሌጆቹ 24 ናቸው። ነርስ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ የሂሳብ ሠራተኛ፣ የሕፃናት ተንከባካቢ፣ ምግብ አብሳይ የሚወጣው ከእነዚህ ነው። ቶሮንቶና ኦታዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ሴንቴኒያልን፣ ጆርጅ ብራውንን፣ ሰኔካን፣ አልጎንኩዊንን በስም ያውቋቸዋል። አዲስ መጥቶ ሙያ የሚቀይር ሰው መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ በአንዱ በኩል ነውና።

በ1984 ጥቅምት ወር መምህራኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አቆሙ። የክፍሉ ተማሪ ቁጥር እየጨመረ፣ የሥራው ጫና እየከበደ ሄዶ ነበር። አድማው 3 ሳምንት ገደማ ከቆየ በኋላ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሕግ አውጥቶ ወደ ሥራ መለሳቸው። በወቅቱ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ያው ኮሌጆቹን የመሠረተው ቢል ዴቪስ ነበር። ሕጉ ግን መምህራኑን መልሶ ብቻ አላቆመም፤ የሥራ ጫናውን የሚመረምር ኮሚቴ እንዲቋቋምም አደረገ። በማይክል ስኮልኒክ የሚመራው ይህ ኮሚቴ በ1985 ያወጣው ዘገባ ርዕሱ «ሕልውና ወይስ ልቀት?» የሚል ነበር። የሥራ ሰዓት በስሌት የሚለካበት ሥርዓትና ቅጹ የዚያ ሙግት ውጤቶች ናቸው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። አንዲት መምህርት አንድን አዲስ ኮርስ ለሦስት ክፍሎች ታስተምራለች እንበል፤ እያንዳንዱ ክፍል በሳምንት 4 ሰዓት፣ 40 ተማሪ። ክፍል ውስጥ የምትቆመው 12 ሰዓት ነው። ዝግጅቱ ለመጀመሪያው ክፍል በ1.10 ይባዛል፤ ኮርሱ ለእሷ አዲስ ስለሆነ አንድ ሰዓት ለማስተማር ከአንድ ሰዓት በላይ መዘጋጀት እንዳለባት የመምህራኑ የኅብረት ስምምነት ይቀበላል። ይህ 4.4 ሰዓት ይሆናል። የተቀሩት ሁለት ክፍሎች የዚያው ድግግሞሽ ናቸውና በ0.35 ብቻ ይባዛሉ፤ ሁለቱ ተደምረው 2.8 ሰዓት። እርማቱ የጽሑፍ ሥራ ከሆነ በእያንዳንዱ የማስተማሪያ ሰዓት ለአንድ ተማሪ 0.03 ሰዓት ይታሰባል፤ ለሦስቱ ክፍሎች 14.4 ሰዓት። ተማሪ ለማማከርና ለተለመደው የቢሮ ሥራ ደግሞ 6 ሰዓት። ድምሩ 39.6 ነው፤ ከጣሪያው በታች።

የተማሪው ቁጥር በየክፍሉ ከ40 ወደ 55 ከፍ ቢል እርማቱ ብቻ 19.8 ሰዓት ይደርስና ድምሩ 45 ይሆናል። እዚህ ላይ ቅጹ «ያለ ፈቃዷ አይቻልም» ይላል። የስሌቱ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ኃላፊው ክፍሉን ቢያጨናንቅ ጭማሪው መምህርቷ ድምር ላይ ወዲያው ይወጣል፤ ሰዓቱን ከሌላ ቦታ መቀነስ አለበት፣ አለዚያም ሌላ መምህር መቅጠር።

ድክመቱም ከዚያው ስሌት ውስጥ ነው የሚወጣው። 0.03 ሰዓት ሲባዛ በአራት ሰዓት ኮርስ ለአንድ ተማሪ በሳምንት 7.2 ደቂቃ ነው። በሦስት ሰዓት ኮርስ 5.4 ደቂቃ ይሆናል፤ ይህን ቁጥር የመምህራኑ ማኅበር ሰዎች በቃላቸው ያውቁታል። በ5.4 ደቂቃ የተማሪን ጽሑፍ አንብቦ፣ ስህተቱን ለይቶ፣ እንዴት እንደሚያሻሽለው ጽፎ መመለስ የሚችል መምህር እኔ አላውቅም። ስሌቱ ሲነደፍ ደግሞ ኢሜይል ገና አልተለመደም ነበር፤ ተማሪ እኩለ ሌሊት ላይ ጥያቄ የሚልክበት፣ መምህሩ ትምህርቱን የሚጭንበትና ውጤት የሚሞላበት የኢንተርኔት ሥርዓትም አልነበረም። ሥራው ተለወጠ፣ መሠረታዊው ስሌት ግን ለአሥርተ ዓመታት እንደነበረ ቆየ።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ያቺው መምህርት የጽሑፍ ሥራውን ትታ የምርጫ ጥያቄ ብትፈትን እርማቱ በ0.015 ይሰላል፤ 14.4 የነበረው ወደ 7.2 ይወርዳል። ድምሯ 32.4 ሆነ ማለት ነው። ያን ጊዜ አራተኛ ክፍል ቢጨመርላት 40.2 ላይ ትቆማለች፣ ቅጹም ይቀበለዋል። በወረቀት ላይ ሁሉም ደንብ ተከብሯል። ተማሪው ግን ሴሚስተሩን ሙሉ አንድ ገጽ ሳይጽፍ ሊወጣ ይችላል። ተማሪ እንዴት ይፈተን የሚለው የማስተማር ጉዳይ ቅጹ ላይ ሲደርስ የበጀት ጉዳይም ይሆናል። መምህራኑ በድርድር ጠረጴዛ ላይ የፈተናውን ዓይነት የመወሰን ሥልጣን ለእኛ ይሁን ብለው አጥብቀው የሚሟገቱት ለዚህ ነው።

መምህሩ በቅጹ ካልተስማማ በጥቂት የሥራ ቀናት ውስጥ ይህንኑ አስታውቆ ጉዳዩን በኮሌጁ ወደሚገኘው የሥራ ጫና ክትትል ቡድን መውሰድ ይችላል። ቡድኑ ከአሠሪውና ከማኅበሩ በእኩል ቁጥር የተውጣጣ ነው። እዚያ ካልተፈታ የግልግል ዳኛ ይበይናል።

ድርድሩ ለ24ቱም ኮሌጆች በአንድ ጠረጴዛ ይካሄዳል። በአንድ ወገን የኮሌጆች አሠሪ ምክር ቤት፣ በሌላው ወገን «ኦፕሱ» የተባለው የኦንታርዮ የመንግሥት አገልግሎት ሠራተኞች ማኅበር። መምህራኑ በየኮሌጃቸው ተሰብስበው ጥያቄ ያቀርባሉ፣ ተደራዳሪዎቻቸውን ይመርጣሉ። ካልተስማሙ አስማሚ ይገባል። እሱም ካልሆነለት ሕጉ የሚያዘው ቀን ተቆጥሮ፣ የ5 ቀን ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ አድማ ይመጣል። አሠሪውም ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ ሕጉ በሚፈቅድለት ጊዜ የራሱን የሥራ ሁኔታ በመምህራኑ ላይ መጫን ይችላል፤ በ2009 እና በ2021 አድርጎታል።

መምህራኑ ከ1984 በኋላ በ1989፣ በ2006 እና በ2017 ሥራ አቁመዋል። የመጨረሻው ረጅሙ ነው። ጥቅምት 16 ቀን 2017 ወደ 12,000 የሚሆኑ መምህራን ወጡ፤ ጥያቄያቸው ከደመወዝ ይልቅ የቋሚና የኮንትራት መምህራን ቁጥር እኩል ይሁን፣ የማስተማር ነፃነታችን በስምምነቱ ይጻፍ የሚል ነበር። ከአራት ሳምንት በኋላ አሠሪው ሕጉ አንድ ጊዜ የሚፈቅድለትን መብት ተጠቅሞ፣ ማኅበሩን አልፎ የመጨረሻ ሐሳቡ በቀጥታ ለመምህራኑ ድምፅ እንዲቀርብ አደረገ። 86 በመቶው አልቀበልም አለ። ኅዳር 19 ቀን፣ እሑድ፣ ምክር ቤቱ ወደ ሥራ የሚመልስ ሕግ አጸደቀ። በታኅሣሥ የግልግል ዳኛው ዊልያም ካፕላን በአራት ዓመት 7.75 በመቶ ጭማሪ ፈረደ፤ የትምህርት ነፃነት አንቀጽም ገባ። የ50 በ50 ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ።

አድማው ተማሪውን ጎድቷል፤ ይህን ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። አምስት ሳምንት ከሴሚስተር ላይ ሲቆረጥ ኪራይ የሚከፍል፣ ልጅ የሚያሳድግ ተማሪ የሚይዘው ያጣል። መንግሥት ትምህርቱን ማቋረጥ ለፈለገ ክፍያው እንዲመለስለት ሲፈቅድ ከ25,000 በላይ ተማሪዎች ወጡ።

ምናልባት ከዚያ ተምረው ይሆናል፣ በታኅሣሥ 2021 መምህራኑ ሌላ መንገድ ያዙ። ክፍል አልዘጉም፤ በደንቡ ልክ ብቻ መሥራት ጀመሩ። ቅጹ ለእርማት 14 ሰዓት ካለ 14 ሰዓት አርመው ያቆማሉ። 44 ሰዓቱ ሲሞላ ኮምፒዩተሩ ይዘጋል። ይህ ተቃውሞ ሊሆን የቻለው ከዚያ በፊት ከቅጹ በላይ ሲሠሩ ስለኖሩ ነው፤ ከ5.4 ደቂቃው በላይ ለተማሪው ይሰጡ የነበረው ያልተመዘገበ ስጦታ ሲቆም ኮሌጆቹ ተሰማቸው። ነገሩ እስከ መጋቢት 2022 ዘልቆ አድማ ሊጀመር አንድ ምሽት ሲቀረው ሁለቱም ወደ ግልግል ለመሄድ ተስማሙ። በጥር 2025ም እንዲሁ በመጨረሻው ሰዓት ከአድማ ተርፈው የግልግል ዳኛው ካፕላን ፊት ቀረቡ።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ ግን ለቋሚው መምህር ነው። በሳምንት ከ7 እስከ 12 ሰዓት የሚያስተምረው የኮንትራት መምህር ስዊፍ አይደርሰውም። የሚከፈለው ክፍል ውስጥ ለቆመበት ሰዓት ነው፤ ዝግጅቱም እርማቱም ተማሪ ማማከሩም እዚያችው ሰዓት ውስጥ አሉ ይባላል። ውሉ ከአንድ ሴሚስተር ወደ ሌላው ነው። ከቋሚው ጎረቤቱ ጋር ያው ኮርስ፣ ያው ፈተና፣ ያው ተማሪ ይዞ፣ የእሱ ማታ አይቆጠርም። ማኅበሩ እንደሚለው ከመምህራኑ ከግማሽ የሚበልጡት ቋሚ አይደሉም። እኔ ይህን የሥርዓቱ ትልቁ ጉድለት አድርጌ አየዋለሁ፤ ቅጹ ቋሚውን በጠበቀ መጠን አሠሪው ቅጽ የሌለውን ለመቅጠር ምክንያት ያገኛል።

አሠሪዎቹ ገንዘብ የለም ይላሉ፤ ይህም ባዶ ሰበብ አይደለም። በ2023 መንግሥት ራሱ ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን ኦንታርዮ ለአንድ የኮሌጅ ተማሪ የምትመድበው ከተቀረው ካናዳ አማካይ 44 በመቶ ብቻ እንደሆነ አረጋግጧል። በ2019 የአገር ውስጥ ተማሪ ክፍያ 10 በመቶ ተቀንሶ ባለበት እንዲቆም ተደርጎ ነበር። ክፍተቱን የሞሉት ከውጭ የሚመጡ ተማሪዎች ናቸው፤ ዋናው ኦዲተር በ2021 እንዳወጣው ከተማሪው 30 በመቶ ሆነው ከክፍያው 68 በመቶ ይሸፍኑ ነበር። በ2024 የፌዴራሉ መንግሥት የውጭ ተማሪዎችን ቁጥር ሲገድብ ኮሌጆቹ ፕሮግራም መዝጋትና ሠራተኛ መቀነስ ጀመሩ። መጀመሪያ የሚወጣው ውሉ የማይታደሰው መምህር ነው።

የኦንታርዮው ስሌት የተጻፈበት ዓይነት የኅብረት ስምምነት በኢትዮጵያም እንግዳ ነገር አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ የመደራጀትና የመደራደር መብት አለ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ዝርዝሩን ይዟል፤ በግል ኮሌጅ የሚያስተምርም ሰው በዚሁ አዋጅ ይተዳደራል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር ግን ከአዋጁ ውጭ ነው፤ የማስተማር ጫናው ማለትም «ሎዱ» የሚወሰነው በዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ነው። 120 ተማሪ ፈትኖ የሚያርም የአዲስ አበባ፣ የባሕር ዳር ወይም የጎንደር መምህር የኦንታርዮን ስሌት አንሥቶ የራሱን ሳምንት ሊያሰላበት ይችላል፦ የተማሪው ቁጥር፣ በማስተማሪያው ሰዓት፣ በ0.03። ከዝግጅቱና ከማማከሩ ጋር ደምሮ ለትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ይዞ ቢገባ፣ ንግግሩ «ሥራ በዛብን» ከማለት አልፎ በቁጥር ይጀመራል።