ሰዓቱ የሚቆጥረው ልብን ነው ወይስ እግርን?

አጎቴ ሩጫ ያቆሙት በጉልበት ሕመም አይደለም። በእጅ ሰዓት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ 58 ዓመታቸው ነው። የደም ግፊት እንዳለባቸው ካወቁ ስድስት ዓመት አልፏል። ሐኪማቸው «መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፤ ይንቀሳቀሱ» ካላቸው ወዲህ በሳምንት አራት ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ አይቀሩም ነበር። መጀመሪያ በእርምጃ ጀመሩ፤ ቀስ በቀስ ወደ ሶምሶማ ተሸጋገሩ። ከዚያ ከእኩዮቻቸው ጋር ሻይ ጠጥተው ወደ ሥራ። ግፊታቸው ወረደ፤ ሆዳቸውም ገባ።

ባለፈው ዓመት ቨርጂኒያ የምትኖረው ልጃቸው ስማርት ሰዓት ላከችላቸው። «አባዬ፣ ልብህን ይከታተልልሃል» አለቻቸው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው አሰሩት። በሦስተኛው ቀን ሶምሶማ ላይ እንዳሉ ሰዓቱ ነዘራቸው። ዝቅ ብለው ሲያዩ 164 ይላል። አንድ የሠፈር ወጣት ደግሞ «220 ሲቀነስ ዕድሜ፤ ከዚያ በላይ ልብዎ መምታት የለበትም» ብሎ አስጠንቅቋቸው ነበር። 220 ሲቀነስ 58፣ 162።

«ከጣሪያው በላይ ነው እኮ!»

ደንግጠው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። በማግስቱ ሞከሩ፤ 163። ከዚያም 165። ከዚያ በኋላ ጫማቸውን ሰቀሉ። ለሁለት ወር ቤት ተቀመጡ። ግፊቱም ተመልሶ ወጣ።

እኔ ወሬውን የሰማሁት ለዘመድ ለቅሶ በተሰበሰብንበት ድንኳን ውስጥ ነው።

«ጋሼ፣ ምነው ከአደባባዩ ጠፉ?»

«ልቤ አልቻለም ልጄ። ሰዓቱ ነገረኝ።»

«ሲሮጡ ደረትዎን ያምዎታል? ያዞርዎታል?»

«ኧረ ምንም! ከጓደኞቼ ጋር እያወራሁ እኮ ነው የምሮጠው።»

ነገሩን ያስጠረጠረችኝ ይህች የመጨረሻዋ መልስ ናት። ልቡ በእውነት ጣሪያው ላይ የደረሰ ሰው ወሬ ሊያወራ ቀርቶ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቅተዋል።

መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ አደባባይ

ጥርጣሬ ግን ምርመራን አይተካም። ግፊት ያለበት ሰው «ሰዓቱ ነው የተሳሳተው» ብሎ ዝም ማለት የለበትም፤ ሰዓቱ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ኢሲጂ ተነሡ። ትሬድሚል ላይ ወጥተው ደረታቸው ላይ ሽቦ ተለጥፎ ተራመዱ፣ ሮጡ። ልባቸው ደህና ነው ተባሉ። ሐኪሙ «ወደ ሶምሶማዎ ይመለሱ» ብሎ አሰናበታቸው። የ164 ምሥጢር ግን አልተፈታም።

ቅዳሜ ጠዋት አብረን ወጣን። እሳቸው ሶምሶማቸውን ያዙ፤ እኔ አጠገባቸው እየሮጥኩ እግራቸውን ቆጠርኩ። በ15 ሰከንድ ውስጥ 41 ጊዜ መሬት ረገጡ። 41 በ4 ሲባዛ 164።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ ስንት ይላል?»

«መቶ ስልሳ አራት! አላልኩህም?»

አስቆምኳቸውና ወዲያው የእጃቸውን አንጓ ይዤ የደም ሥራቸውን ቆጠርኩ። በ15 ሰከንድ 29። በ4 ሲባዛ 116።

ሰዓቱ ያን ሁሉ ጊዜ ሲቆጥር የነበረው የአጎቴን እግር ነው።

አረንጓዴው መብራት ምን ያያል?

ሰዓታችሁን ገልብጡት። ከሥሩ ብልጭ ብልጭ የሚል አረንጓዴ መብራት ታያላችሁ። ብዙ ሰው ሰዓቱ ልብን «የሚያዳምጥ» ይመስለዋል። አያዳምጥም። ልብንም አያይም። የሚያየው ብርሃን ብቻ ነው።

ደም አረንጓዴ ብርሃንን ይውጣል። ልብ በመታ ቁጥር ከቆዳ ሥር ባሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ደም በጥቂቱ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ያንሳል። በሁለት ምቶች መካከል ደሙ ቀነስ ሲል ብርሃኑ ይጨምራል። ሰዓቱ ይህን ከፍ ዝቅ ቆጥሮ «ልብህ በደቂቃ ይህን ያህል መታ» ይለናል። ቁጭ ብለን ወይም ተኝተን ሳለን ይህ ዘዴ ጥሩ ይሠራል።

ችግሩ ስንሮጥ ነው። እጃችን ይወዛወዛል። በተወዛወዘ ቁጥር በአንጓችን ውስጥ ያለው ደም ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ሰዓቱም ከቆዳው ላይ ትንሽ እየተነሣ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ከእንቅስቃሴው የሚመጣው ለውጥ ብዙ ጊዜ ከልብ ምት ከሚመጣው ይበልጣል። ሰርግ ቤት ከበሮ እየተመታ ጎረቤት የሚያንሾካሹከውን ለመስማት እንደመሞከር ነው።

አምራቾች ይህን ያውቃሉ። ሰዓቱ ውስጥ እንቅስቃሴን የሚለካ ሌላ መሣሪያ አለ፤ ፕሮግራሙ በእሱ እየታገዘ የእግርን ምት ከልብ ምት ለመለየት ይሞክራል። ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። ነገር ግን የሚሮጥ ሰው በደቂቃ ከ150 እስከ 180 ጊዜ ያህል ይረግጣል፤ ጠንክሮ የሚሮጥ ሰው ልብም እዚያው አካባቢ ይመታል። ሁለቱ ቁጥሮች ጎረቤት ስለሆኑ ፕሮግራሙ ተሳስቶ የእግሩን ይዞ ይቀራል። ሰዓቱ 400 ቢል ስቀን እናልፈው ነበር። 164 ሲል ግን እናምነዋለን።

የባሰው ስህተት ግን ሌላ ነው

የአጎቴ ሰዓት አብዝቶ ቆጠረ፤ አስፈራራቸው። አሳንሶ የሚቆጥርበትም ጊዜ አለ፤ እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የአዲስ አበባን ብርድ ታውቁታላችሁ። ብርድ ሲሆን ሰውነታችን ሙቀቱን ለመቆጠብ ወደ እጅና እግር የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ በቆዳ ሥር ያሉት የደም ሥሮች ይጠባሉ። ያኔ ሰዓቱ የሚያየው ነገር ያንሰዋል። ጂም ውስጥ ክብደት ጨብጦ ማንሣትም እንዲሁ የአንጓን ጡንቻና ጅማት ወጥሮ ንባቡን ያበላሻል። የመስቀል አደባባይን ደረጃ ሽቅብ ሮጦ፣ ትንሽ አርፎ፣ እንደገና ለሚሮጥ ሰው ደግሞ ሰዓቱ ይዘገይበታል፤ ልቡ ሽቅብ ሲወጣ ሰዓቱ ገና ታች ነው።

አንድ ወዳጄ ደረጃውን በፍጥነት ወጥቶ እያለከለከ ሰዓቱን አየና «105 ነው፤ ገና ነኝ» ብሎ ሊደግም ተነሣ። እሱ ጤነኛ ወጣት ነው፤ ምንም አልሆነም። የልብ ችግር ያለበት ሰው ቢሆንስ?

ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 60 ፈቃደኞችንና ሰባት ዓይነት የእጅ መሣሪያዎችን ከሆስፒታል ኢሲጂ ጋር አወዳድሮ ነበር። ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ በታች በሆነ ስህተት ለኩ። ስህተቱ ትንሽ የሆነው እጅ ረጋ በሚልበት የብስክሌት እንቅስቃሴ ላይ ሲሆን፣ ከፍ ያለው በእርምጃ ላይ ነው። በዚያው ዓመት የታተመ የክሊቭላንድ ክሊኒክ ጥናት ደግሞ በ50 ሰዎች ላይ አራት ሰዓቶችንና አንድ የደረት ቀበቶ ከኢሲጂ ጋር አነጻጸረ። ፍጹም ስምምነት 1 ቢባል ቀበቶው 0.99 ሲያገኝ ሰዓቶቹ ከ0.83 እስከ 0.91 አገኙ። ከዚያ ወዲህ ሰዓቶቹ ተሻሽለዋል። ብርሃኑና የሚወዛወዘው እጅ ግን ያው ናቸው።

«ለጥቁር ቆዳ አይሠራም ይባላል፤ እውነት ነው?» የሚል ጥያቄ እኛ ዘንድ ይበዛል። ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን አረንጓዴ ብርሃንን ስለሚውጥ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን አንድ አይደለም። የስታንፎርዱ ጥናት ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ስህተቱ ከፍ ማለቱን አይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የዱክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ 53 ሰዎችን በተለያየ የቆዳ ቀለም ከፋፍሎ መርምሮ ጉልህ ልዩነት አላገኘም፤ በእንቅስቃሴ ጊዜ ያለው ስህተት ግን ከእረፍት ጊዜው በአማካይ 30 በመቶ ከፍ ብሎ አገኘው። ከቀለማችን ይልቅ እንቅስቃሴያችን ነው በይበልጥ የሚያሳስተው ማለት ነው። አንጓ ላይ ያለ ጥቁር ንቅሳት ግን ብርሃኑን ሊከለክለው ይችላል፤ ንቅሳት ያለበት ሰው ሰዓቱን በሌላው እጁ ይሰር።

ካሎሪን በተመለከተ ባታምኑት ይሻላል። በስታንፎርዱ ጥናት ከሁሉም የተሻለው መሣሪያ በአማካይ በ27 በመቶ፣ የመጨረሻው በ93 በመቶ ስቷል። «600 ካሎሪ አቃጠልኩ» ብላችሁ ቁርጥ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ይህን አስታውሱ።

«220 ሲቀነስ ዕድሜ»

አጎቴን ያስደነገጠው ሰዓቱ ብቻ አይደለም፤ ስሌቱም አብሮ ነው። ይህ ስሌት የብዙ ሰዎች አማካይ ግምት እንጂ የእያንዳንዳችን ጣሪያ አይደለም። ዕድሜያቸው እኩል የሆነ ሁለት ጤነኛ ሰዎች ከፍተኛ የልብ ምት በ20 ሊለያይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ሌላ ስሌት ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ለ58 ዓመት ሰው 167 ይመጣል። የሰዓቱ 164 እውነት ቢሆን እንኳ «ከጣሪያው በላይ» አልነበረም ማለት ነው።

እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ የልብ ምትን የሚያዘገዩ መድኃኒቶች ለሚወስድ ሰው ደግሞ ሁለቱም ስሌቶች አይሠሩም። የእሱን ልክ ሊነግረው የሚችለው ሐኪሙ ነው።

ሁሉም ከፍ ያለ ቁጥር የሰዓት ስህተት ነው ማለትም አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከቆላ ወይም ከውጭ አገር ለእረፍት የመጣ ሰው እዚህ ሲሮጥ አየሩ ስስ ስለሚሆንበት ልቡ በእውነት ይፈጥናል። የሙቀት፣ የድካም፣ የውኃ ጥምና የጠንካራ ቡናም ነገር አለ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሰዓቱን መጣል አያስፈልግም፤ አያያዙን ማወቅ ነው። ስትሮጡ ከአንጓው አጥንት ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ ሳይንሸራተት ግን ደምም ሳያቆም ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ስትጨርሱ አላሉት። ከሥሩ ያለውን ላብና ቅባት ጥረጉ። በብርድ ማለዳ ከመሮጣችሁ በፊት ሰውነታችሁን አሙቁ።

ቁጥሩ ሲያጠራጥራችሁ እንደ እኔና እንደ አጎቴ አድርጉ። እግራችሁን ለ15 ሰከንድ ቁጠሩና በ4 አባዙ። ከሰዓቱ ጋር ከገጠመ ጠርጥሩ። ከዚያ ቆም ብላችሁ ወዲያውኑ በአመልካችና በመሐል ጣታችሁ ከአውራ ጣት በታች ባለው የአንጓ ጠርዝ ላይ የደም ሥራችሁን ፈልጋችሁ ለ15 ሰከንድ ቁጠሩ። በአውራ ጣት አትቁጠሩ፤ እሱ የራሱ ምት ስላለው ያምታታል። ልብ ከቆምን በኋላ ቶሎ ስለሚረጋጋ አትዘግዩ።

በቁጥር የሚሠለጥን ሰው የደረት ቀበቶ ቢገዛ ይሻለዋል። ቀበቶው ብርሃን ሳይሆን እንደ ኢሲጂ የልብን ኤሌክትሪክ ነው የሚያነበው። ብቻ ከመታሰሩ በፊት ደረት ላይ የሚያርፈውን ክፍል በውኃ ማርጠብ ያስፈልጋል፤ ደረቅ ከሆነ እሱም ይሳሳታል።

ለብዙዎቻችን ግን አፋችን ይበቃል። እየሮጣችሁ ማውራት ከቻላችሁ መካከለኛ እንቅስቃሴ ላይ ናችሁ። ከሁለት ሦስት ቃል በላይ ካልወጣችሁ ከብዷችኋል። ደረታችሁን ካጨነቃችሁ፣ ካዞራችሁ፣ ልባችሁ ከተዘባረቀ ወይም ከልክ ያለፈ የትንፋሽ እጥረት ከተሰማችሁ ደግሞ ሰዓቱ 90 ቢልም ቁሙ፤ ሐኪም ዘንድም ሂዱ።

አጎቴ ወደ አደባባዩ ከተመለሱ አራት ወር ሆኗቸዋል። ግፊታቸውም ወርዷል። ሰዓቱን ግን አላወለቁትም፤ የልጅ ስጦታ ነዋ! ባለፈው ሳምንት ልጃቸው ደውላ «አባዬ፣ ልብህ ስንት አለ?» ብትላቸው፣ «ቆይ መጀመሪያ እግሬን ልጠይቅልሽ» አሏት።