ክፍት ስብስብ፣ ዝግ ስብስብ እና የአንዲት ቃል ክብደት

ከመስቀል አደባባይ ወደ ሳሪስ በሚወስደው የደብረ ዘይት መንገድ የሚመላለስ ሰው ላንቻን ያውቃታል። ሆኖም ላንቻ አብቅታ ጎተራ የምትጀምረው በየትኛው ነጥብ ላይ እንደሆነ ቢጠየቅ ቁርጥ ያለ መልስ መስጠት ይቸግረዋል። የሰፈር ወሰን በልማድ እንጂ በትርጓሜ አይታወቅም። ቶፖሎጂ በተባለው የሒሳብ ዘርፍ ግን ጠረፍ ግልጽ ትርጓሜ አለው።

በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ላንቻን በአንዲት ነጥብ እንወክልና ከእርሷ ያላቸው ርቀት ከ1 ኪሎ ሜትር የሚያንስ ነጥቦችን ሁሉ እንሰብስብ። የምናገኘው ጠረፉን የማይጨምር ክብ ነው። አንድ ስብስብ «ክፍት» የሚባለው በውስጡ ባለች በማንኛዋም ነጥብ ዙሪያ፣ እጅግ ትንሽም ቢሆን፣ ከስብስቡ የማይወጣ ክብ መሥራት ሲቻል ነው። ከላንቻ 0.7 ኪሎ ሜትር የምትርቅ ነጥብ ብንወስድ እስከ ጠረፉ 0.3 ይቀራል። በዙሪያዋ ሬዲየሱ 0.3 የሆነ ክፍት ክብ እንሥራ። በሦስት ማዕዘን አንዱ ጎን ከሌሎቹ ሁለት ጎኖች ድምር ስለማይበልጥ፣ በዚህ ክብ ውስጥ ያለ ነጥብ ሁሉ ከላንቻ ያለው ርቀት ከ0.7 + 0.3 = 1 ያንሳል። ርቀቱ ከ1 የሚያንስ ማንኛውም ቁጥር «መ» ቢሆንም ሬዲየሱን 1 − መ ብናደርግ ማረጋገጫው ይጸናል።

«ዝግ» ስብስብ ደግሞ ከእርሱ ውጭ ያሉት ነጥቦች ክፍት ስብስብ የሚሠሩለት ነው። ዝግ ማለት «ክፍት ያልሆነ» ማለት አይደለም፤ በክባችን ላይ የጠረፉን ሰሜናዊ ግማሽ ብቻ ብንጨምር ክፍትም ዝግም ያልሆነ ስብስብ እናገኛለን።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንለፍ። ቁጥራቸው የተወሰነ ክፍት ስብስቦች በጋራ የሚይዙት ክፍል ክፍት ነው። ማረጋገጫው አጭር ነው፦ በጋራው ክፍል ላለች ነጥብ እያንዳንዱ ስብስብ አንድ ሬዲየስ ይሰጠናል፤ ከእነዚህ ትንሹን እንመርጣለን፤ በእርሱ የተሠራው ክብ በሁሉም ስብስቦች ውስጥ ይገኛል። ፌሊክስ ሃውስዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1914 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሐሳብ ለሁለት ስብስቦች በመነሻ ሕግነት አስፍሮታል።

ብዙ ተማሪ ግን «ቁጥራቸው የተወሰነ» የሚለውን ይዘለዋል። በላንቻ ዙሪያ ሬዲየሳቸው 1፣ 1/2፣ 1/3፣ 1/4 እያለ ያለ ፍጻሜ የሚቀጥል ክፍት ክቦችን እናስብ። ከላንቻ ሌላ የሆነች ነጥብ፣ ምንም ያህል ብትቀርብ፣ ከርቀቷ ያነሰ ሬዲየስ ያለው ክብ ወደ ውጭ ያስቀራታል። በጋራ የሚቀረው ላንቻ ብቻ ነው፤ አንዲት ነጥብ ደግሞ ክፍት ስብስብ አይደለችም። ማረጋገጫው የፈረሰው «ትንሹን እንመርጣለን» ባልንበት ላይ ነው፤ ሬዲየሶቹ ወደ ዜሮ እየተጠጉ ስለሚሄዱ ትንሹ የሚባል የለም።

እነዚህን ክቦች በእርሳስ ብንስል ከጥቂቶቹ በኋላ ሁሉም አንድ ጠብታ ይመስላሉ። ዐይን የማይለየውን የሚለየው ማረጋገጫ ነው፤ በማረጋገጫ ውስጥም እያንዳንዷ ቃል ሸክም አላት።